ከፍሎ መሬት ላይ መተኛት

በቀጥታ ወደ ክርክሬ እገባለሁ። ክርክሬ ከእናንተው ጋር ነው። ከእናንተ ስል ከራሴም ጋር ማለቴ ነው፤ እስከ ባለፈው ዓመት ሰኔ ድረስ እኔም ከእናንተ ጋር ሆኜ እስቅ ነበርና።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምተዳደረው በታክሲ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ ወይም ታክሲ ነጂ ዘመድ ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው የእኛ ሸንጎ የኤርፖርቱ ወረፋ መጠበቂያ ሜዳ ነው። እዚያ የማይታይ ጉዳይ፣ የማይሻር ሹም፣ የማይፈርስና መልሶ የማይገነባ መንግሥት የለም። እኔም አንድ ቀን በዚህ ሸንጎ ፊት «በመጪው ዓርብ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ወደ ሸናንዶዋ ተራራ ወጥተን ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው» ብዬ ተናገርኩ። ዳማ የያዙት ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዱ «አገር ቤት መሬት ላይ ተኝተን ያደግነው አንሶ አሁን ደግሞ ከፍለን መሬት ላይ እንተኛ?» አለ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ሌላው «ከሚያፈስ ጣሪያ ያመለጥነው ለዚህ ነው እንዴ?» ሲል ጨመረበት። ሦስተኛው፣ በዕድሜም በአነጋገርም ከበድ ያለ ሰው፣ «የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ሲጠግቡ የሚይዛቸው» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

የእኔ ተራ ደርሶ ስለ ወጣሁ መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። ይኸው አሁን ልመልስ።

«የፈረንጅ ነው» ከሚለው ልጀምር። ለመሆኑ በከተራ ማታ ታቦት ወንዝ ወርዶ ድንኳን ውስጥ ሲያድር ሕዝቡ የት ነው የሚያድረው? ሆቴል ተከራይቶ ነው? ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ለመድረስ ስንቱን ቀን በእግሩ የሚሄደው፣ ደርሶም በሸራና በላስቲክ ጥላ ሥር የሚያድረው ሰው ፈረንጅ ነው? መስከረም 21 ግሸን ማርያም አምባ ላይ የሚወጣውስ? መጋቢት 5 ዝቋላ አቦ የሚወጣውስ? ባሌ ውስጥ ባላ በትር ይዞ ወደ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው ሙስሊም ወገናችንስ? ይህ ሁሉ ሕዝብ ተራራ ወጥቶ፣ ሜዳ ላይ አድሮ፣ ስንቁን ከማያውቀው ሰው ጋር ተካፍሎ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። አዎን፣ የሚሄደው ለስለት ነው፣ ለሽርሽር አይደለም። ይህን ልዩነት አልክድም። ነገር ግን ከስለቱ ጋር ጨዋታው፣ ትውውቁ፣ ዘፈኑ፣ በመንገድ ላይ የሚጀመረው ትዳር ሳይቀር አብሮ እንደሚመጣ የሄደ ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአስተማሪነት አመሌ ነውና ታገሡኝ። «ሰፈራችን» እያልን የምንናፍቀው ሰፈር ትርጉሙ ምንድን ነው? ሰፈረ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ድንኳን ተክለው የሰፈሩበት ነው ዛሬ የእገሌ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ለብዙ ዘመን መንግሥታቸው ድንኳን ነበር። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከተመ ከሚለው ነው። እንግዲህ ካምፒንግ የፈረንጅ ነው የምትሉኝ ድንኳን ውስጥ ሲገዛ የኖረ መንግሥት የልጅ ልጆች ናችሁ።

ሁለተኛው ክርክር የገንዘብ ነው፤ ይህኛው ከበድ ይላል። አላቃልለውም። ለታክሲ ነጂ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ማለት ለገበሬ መኸር እንደ ማለት ነው። የተራራው መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ሰባት ቀን ያገለግላል፤ የድንኳን ቦታ ኪራዩንም ለሦስት ቤተሰብ ስታካፍሉት ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው የቀረው ሥራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ የዚያ ወር የመኪናዬ ኢንሹራንስ አራት ቀን ዘግይቶ ተከፈለ። ባለቤቴም ይህን ጽሑፍ ስታነብ ይህን መስመር እንዳልዘለልኩት ታያለች።

ግን እስቲ ሌላውንም ሒሳብ አብረን እንሥራ። ከሦስት ዓመት በፊት ከመካከላችን አንድ ሰው ሞተ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ ልጆቹ ያነቡት ይሆናል። በሳምንት ሰባት ቀን የሚሠራ ሰው ነበር፤ እሑድ እንኳ ቅዳሴ አስቀድሶ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ወረፋው ነበር የሚመጣው። የሞተውም እዚያው ወረፋ ላይ ነው። የታክሲው መስመር ሲንቀሳቀስ የእሱ መኪና አልተንቀሳቀሰችም። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ የተኛ ይመስል ነበር። ከኋላው የነበርን ሰዎች ጡሩምባ ነፋንበት። እኔም ነፍቻለሁ። ሁለት ጊዜ።

በሦስት ቀን ውስጥ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት የሚያስልክና ለልጆቹም የሚተርፍ ገንዘብ ተዋጣ። በዚህ ነገር አንታማም። ቅዳሜ ማታ ሥራ የማይቀረው ሰው ሁሉ ቅዳሜ ማታ ቀርቶ ለቅሶ ቤት ተቀመጠ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዙሪያዬን ሳይ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያላየኋቸው ጓደኞቼ ሁሉ መጥተዋል። «እስኪ እንገናኝ እንጂ!» እየተባባልን ተለያየን። መቼ ተገናኘን? በሚቀጥለው ለቅሶ።

ተራራ ቢወጣ ኖሮ አይሞትም ነበር እያልኩ አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፤ ደም ግፊትና ስኳር በሽታ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ ሐኪሞቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ሰው በዚህ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ሁለት ኤርፖርትና የሆቴል በር አይቶ ሞተ። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ይዞ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ርቆ ሄዶ ሲመለስ «ያ ሰማያዊ ተራራ ደስ ይላል፤ አንድ ቀን ልጆቹን አወጣቸዋለሁ» ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን! ለለቅሶው ሦስት ቀን ያላጣን ሰዎች ለአንዲት ቀን ከእሱ ጋር ለመሄድ ጊዜ አጣን። ገንዘቡም እኮ ነበረን፤ ሲሞት አዋጣነው።

በእኔ ቤት የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ብቻ ስወቅስ አልገኝም። ልጄ ስድስተኛ ክፍል እያለ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለሁለት ሌሊት ወደ ጫካ ሊወስድ የፈቃድ ወረቀት ላከ። አልፈረምኩም። «ከማናውቀው ሰው ጋር ጫካ አያድርም» አልኩ፤ ባለቤቴም ደገፈችኝ። ልጁ ሁለቱን ቀን ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ አሳለፈ። ከመላው ክፍሉ ያልሄዱት አራት ልጆች ነበሩ፤ ከአራቱ ሁለቱ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ለምን ይመስላችኋል? ልጄም «አባባ፣ አንተ አገር ተራራ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። እኔ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ነው እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይል ነበርና። ዛሬ የሚጠቀሰው ልክ 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ መሆኑን፣ ዋልያና ጭላዳ እንደሚኖሩበት አስተምሬ ፈተና አውጥቻለሁ። እግሬ ግን አንድም ቀን ስሜንን አልረገጠም። ከአውሮፓ ድረስ በአውሮፕላን የሚመጡ ሰዎች በበቅሎ ተጭነው ሲወጡት እኔ ደመወዝ የሚበላኝን ጠመኔ ይዤ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ገንዘብ አልነበረም፣ እውነት ነው። ግን ለመሄድ አስቤም አላውቅም፣ ይህም እውነት ነው።

ስለዚህ ሄድን።

በ66 ወጥተን በ211 ታጥፈን በቶርንተን ጋፕ በኩል ገባን። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ሲሆን ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። ለታክሲ ነጂ ይህ ቅጣት ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ማይሎች ከኋላዬ ሰው የሚነፋብኝ እየመሰለኝ መስተዋት ሳይ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ግን እግሬ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ሰፊ ሜዳ 51ኛው ማይል ላይ ነው፤ ድንኳናችንን የተከልነው እዚያ አጠገብ ነው። ተከልን ለማለት ያህል ነው እንጂ የመጀመሪያውን ድንኳን ለማቆም ሦስት የተማሩ ወንዶች አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። ያቆመችው በመጨረሻ የጓደኛዬ ሚስት ናት። «ካስማውን አዘንብላችሁ ምቱት እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱት» አለች። በሠርግ ቤት ዳስና ድንኳን ሲተከል ያደገች ናት። ካስማ የሚለውን ቃል ልጄ ያን ዕለት ተማረ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ካስተማሩት አሥር ቃል ይልቅ ይህቺን አልረሳም።

ማታ ቡና ተፈላ። ዕጣኑ ሲጨስ የፓርኩ ጠባቂ መጣ። ተቆጥቶ የመጣ መስሎን ሁላችንም ተነሣን (ዩኒፎርም ስናይ መነሣት አልለቀቀንም)። ሰውየው ግን ያሰበው ሌላ ነው። ምግባችንን በሙሉ መኪና ውስጥ ቆልፈን እንድናስቀምጥ፣ ድንኳን ውስጥ ከረሜላ እንኳ እንዳይገባ ነገረን፤ ጥቁር ድብ አለ፣ አፍንጫውም ክፉ ነው። ባለቤቴ ዶሮ ወጡን ከነድስቱ ታክሲዬ ውስጥ አስገባች። ለሁለት ሳምንት መኪናዬ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተች። አንድ ተሳፋሪማ «ሽታው የየትኛው ምግብ ቤት ነው?» ብሎ አድራሻ ጠየቀኝ።

በስንቅ በኩል ደግሞ ማንም አይደርስብንም። በየሱቁ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የተራራ ምግብ አየሁት፤ ጭኮ ነው፣ ስሙን ቀይረውት። እኛ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይዘን ነበር። ብርዱን ግን አላወቅንበትም። ሰኔ ነው ብለን በስስ አንሶላ ሄድን፤ ቦታው ከ3,500 ጫማ በላይ ነው፤ ሌሊቱ የደብረ ብርሃንን ሌሊት አስታወሰኝ። ያዳነን ጋቢ ነው።

በማግስቱ ሐውክስቢል የሚባለውን ጫፍ ወጣን። በፓርኩ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ 4,051 ጫማ፣ ወይም 1,235 ሜትር። እስቲ አስቡት፤ የዚህ አገር ሰው ተራራ ብሎ የሚወጣው ጫፍ ከመስቀል አደባባይ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው! ደርሶ መልሱም ሦስት ማይል አይሞላም። ያም ሆኖ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገው ይህ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት መሪ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ምን ያድርግ? ልጆቹ ቀድመውን ደርሰው ከላይ ይስቁብን ነበር።

ከላይ ሆኜ ግን አስተማሪነቴ ተመለሰ። የቆምንበት ድንጋይ ከ570 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ተጭኖና ተለውጦ አረንጓዴ ሆኗል። የስሜን ተራራም እንዲሁ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ነው። ለልጆቹ «ይህኛው ያረጀ፣ ዝናብና ነፋስ ያጎበጠው ሽማግሌ ነው፤ የእኛው ገና ጎረምሳ ነው፣ ለዚህ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው» አልኳቸው። ልጄ «ታዲያ ያንንስ መቼ ነው የምንወጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እዚያ አካባቢ ምን እንዳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። ግን የዚህ አገር ተወላጅ የሆነ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ «ተራራ የለም እንዴ?» ከማለት «መቼ ነው የምንወጣው?» ወደ ማለት ሲሻገር የሁለት ሌሊት ገቢ ውድ ነው ትሉኛላችሁ?

አሁን ደግሞ «ያ የነጮች ቦታ ነው፤ እዚያ ስንሄድ ያፈጡብናል» ለሚሉት። እኔም ይህን ፍርሃት ይዤ ነበር የሄድኩት። ከሰፈርንበት ስድስት ማይል ያህል ወደ ደቡብ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ቦታ አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ተቋቁሞ በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቢግ ሜዶውስ ላይ መጥተው ሲመርቁት ጥቁርና ነጭ በቨርጂኒያ ለየብቻ ነበር። በ1939 «ለኔግሮዎች» ተብሎ ለብቻ የተከፈተው ይህ ሉዊስ ማውንቴን ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች በዚያ ዘመን ከዋሽንግተን ተነሥተው፣ በመንገድ ላይ የሚያስተናግዳቸው ምግብ ቤት እየጠፋ፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደዚያች ቁራጭ መሬት ይመጡ ነበር። ልዩነቱ በፓርኩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። እነሱ ያን ሁሉ ችለው የከፈቱትን በር እኛ «ያፈጡብናል» ብለን አንገባም? ማን ነው የዘጋብን?

ተራራው ንጹሕ ነው እያልኩም አይደለም። ፓርኩን ለማቋቋም የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን ሲወስድ እዚያ ይኖሩ የነበሩ 500 ያህል ቤተሰቦች ተነሥተዋል። በእግር መንገዱ ዳር የቤት መሠረት ድንጋይ፣ ባለቤት የሌለው የፖም ዛፍ ታያላችሁ። ስሜን ውስጥም የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዝም አሉ፤ የጓደኛዬ ትንሿ ልጅ ግን «ፖሙን ማን ይበላዋል?» አለች። ድቡ ይበላዋል አልኳት።

ከክርክሮቹ ሁሉ መልስ ያጣሁለት አንድ አለ። በሸንጎው ላይ ከሳቁት መካከል ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። በ1977 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ በአርማጭሆ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ ነው፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት እየሄደ። አብረውት ከተነሡት ሁሉም አልደረሱም። ስጋብዘው «ልጄ፣ እኔ የጫካ መኝታ ድርሻዬን ጨርሻለሁ» አለኝ። ለእናንተ የምሰጠውን መልስ ለእሱ አልሰጠሁም። ለእሱ የጫካ ሌሊት ጨዋታ አይደለም። ቅዳሜ ቀን ግን ሳንጠብቀው መኪናውን እየነዳ መጣ፤ ሦስት ኪሎ ብርቱካን ይዞ። ከእኛ ጋር ሐውክስቢልን ወጣ፤ ከሁላችንም በፊት የደረሰው ትልቁ ሰው እሱ ነው። አንድም ጊዜ አልተቀመጠም። ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ተነሥቶ ቁልፉን ፈለገ። ማናችንም እደር አላልነውም። ልጄ «ለምን ይሄዳል?» ሲለኝ እኔ ሳልመልስ ጋሼ ራሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ እንደ ጋሼ ያለ ምክንያት ያላችሁ ቤታችሁ ቆዩ፣ ወይም ቀን መጥታችሁ ቀን ተመለሱ። ሌሎቻችሁ ግን የጋሼን ምክንያት አትዋሱ። አውሮፕላን ተሳፍራችሁ የመጣችሁ፣ ዲቪ የደረሳችሁ፣ እንደ እኔ ሰሌዳ ላይ ተራራ ስትስሉ የኖራችሁ፣ «እኛ የተሠቃየን ነን» እያላችሁ ሶፋ ላይ አትተኙ።

ሄደው የሚያበላሹትንም አልምራቸውም። በሌላ ጊዜ እንደሰማሁት አንዳንድ ወገኖቻችን ትልቅ ድምፅ ማጉያና ውስኪ ጭነው ወጥተው ጎረቤቱን ሁሉ አስነሥተዋል። በዚያ ቦታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። ለጭፈራውማ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቤት አላጣንም።

በመጪው ጥቅምት ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን እንደገና እንወጣለን፤ ዓርብ ከሰዓት ተነሥተን እሑድ ከቀትር በፊት እንመለሳለን። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። ድንኳኑ ከእኔ፣ ጋቢው ከእናንተ። ሸንጎው ላይ ጠይቁኝ፤ «ከፍሎ መሬት ላይ የሚተኛው የት ነው?» ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ካስማ መምቻ መዶሻ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የእኔን ባለፈው ጊዜ እዚያው ረስቼው መጥቻለሁ።